በስኮትላንድ የጥንት ዘፈኖች ውስጥ ምግብ ምን ይሠራል? መርዝ፣ ቋሊማ፣ የገንፎ ማማሰያ

ቅኔ ወዳድ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የስኮትላንድን የጥንት የትረካ ዘፈኖች ይዤ ተቀምጫለሁ። እነሱ ባላድ ይሏቸዋል። ታሪክ የሚያወሩ፣ ከአፍ ወደ አፍ የወረዱ ዘፈኖች ናቸው። አንድ ነገር በጣም ስለገረመኝ ነው ይህን ክር የከፈትኩት። ዘፈኖቹ ስለ ስሜት ብዙ አያወሩም። «ቅናት አንገበገበው» ወይም «ልቧ ተሰበረ» የሚል ስንኝ ብትፈልጉ እምብዛም አታገኙም። ይልቅ ማዕዱ ላይ ምን እንደቀረበ ይነግሯችኋል። ማን አበሰለው? ማን በላው? ማን ቆሞ አስተናገደ? የቀረውን አድማጩ ራሱ ይደርስበታል። እኔ በበኩሌ ምግቡ ለማሳመሪያ የገባ አይመስለኝም። ታሪኩን የሚሸከመው እሱ ነው።

ሎርድ ራንዳል የሚባለውን ውሰዱ። አንድ ወጣት ከአደን ይመለሳል። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር የእናትና የልጅ ንግግር ነው፤ ሌላ ተራኪ የለም። የት ዋልክ ልጄ? ጫካ። ምሳ የት በላህ? ፍቅረኛዬ ጋ። ምን በላህ? በመረቅ የተቀቀለ ኢል። ኢል ማለት እባብ የመሰለ ረጅም ዓሣ ነው። ውሾችህስ የት አሉ? አብጠው ሞቱ። በየመልሱ ማብቂያ ላይ ልጁ «እናቴ፣ አልጋዬን ቶሎ አንጥፊልኝ፣ አደኑ አድክሞኛል፣ ልተኛ» ይላል። እናትየው «ተመርዘሃል ብዬ እሰጋለሁ» ስትለው ያ አዝማች ይለወጣል። «አደኑ አድክሞኛል» የሚለው ቀርቶ «ልቤን አሞኛል» ይሆናል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

ፍቅረኛው ለምን እንደገደለችው ዘፈኑ አይናገርም። አንዴም አትታይም። ያለን የበላው ዓሣና የሞቱት ውሾች ብቻ ናቸው። በአንዳንዱ ቅጂ ልጁ ይናዘዛል። ለእናቱ የሚታለቡ ላሞች፣ ለእህቱ ወርቅና ብር፣ ለወንድሙ ቤትና መሬት ያወርሳል። ለፍቅረኛው ምን ሲሉት «ገሃነምና እሳት» ይላል።

እንዲህ ምግብ ነገሩን የሚሸከምባቸው ሌሎች ዘፈኖች የምታውቁ ወዲህ በሉ።

---

የኤድንብራው

ጥሩ ክር ነው የከፈትከው፣ ወንድሜ። እዚህ ፎረስት ሮድ ላይ ሳንዲ ቤልስ የሚባል መጠጥ ቤት አለ። ማታ ማታ ሰዎች ቫዮሊንና ዋሽንት ይዘው ይሰበሰባሉ። የጥንቱ ዘፈን እዚያ ሙዚየም አልገባም፤ ዛሬም ቢራ እየተጠጣበት ይዘፈናል።

ለአዲሶች አንድ ነገር ልበል። ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የሚባል የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ነበረ። 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ባላዶችን ከነልዩ ልዩ ቅጂዎቻቸው ሰብስቧል። ሥራው ከ1882 እስከ 1898 ነው የታተመው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለዚህ ነው ሰው ዘፈኖቹን በቁጥር የሚጠራቸው። ራንዳል 12 ነው።

የእኔ ምርጫ 62 ነው፤ ፌር አኒ። አኒ ለአንድ ጌታ ሰባት ወንዶች ልጆች ወልዳለታለች፣ ግን አላገባትም። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ባለጸጋ ሙሽራ ላመጣ ነው ይላታል። ቀጥሎ የሚጠይቃትን ስሙ። የሰርጌን ዳቦ ማን ይጋግርልኛል? የሰርጌን ቢራ ማን ይጠምቅልኛል? አኒ «እኔ እጋግራለሁ፣ እኔ እጠምቃለሁ» ትላለች።

የሰርጉ ቀን በረጃጅሙ ገበታ ዙሪያ ነጭ ዳቦና ወይን እያዞረች ታቀርባለች። እሷ ግን የምትጠጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ፊቷ እንዳይገረጣ፣ ማልቀሷ እንዳይታወቅባት። ለእንግዳው ወይን፣ ለእሷ ውሃ። እኔ ከዚህ የበለጠ ስለ ውርደት የተዘፈነ አላውቅም። ማታ ብቻዋን ስትሆን ነው የሚፈነዳባት። ልጆቼ ሰባት አይጦች ቢሆኑ፣ እኔም ድመት ብሆን፣ በጨረስኳቸው ትላለች። ሙሽራዋ ይህን ትሰማለች። ሲጣራ ሁለቱ እህትማማቾች ሆነው ይገኛሉ። ሙሽራዋ ጥሎሿን ለእህቷ ትታ ወደ አገሯ ትመለሳለች።

---

ሽሮ በቅቤ

ቆይ፣ ሁሉም መርዝና እንባ ነው እንዴ? ርዕሱ ላይ ቋሊማ አይቼ ነው የገባሁት 😄

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን ኢል ሆነ? ሥጋ ወይም ዳቦ ውስጥም መርዝ ይገባል።

---

ቅኔ ወዳድ

ሽሮ፣ ጥያቄሽ ግሩም ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ሰው ኢልን ይጸየፍ ነበር፤ እባብ ስለሚመስል። ስለዚህ የድሮ አድማጭ «ኢል በላሁ» ሲባል ገና መርዝ ሳይነሳ ይዘገንነዋል። የዘፈኑ የልጆች ቅጂ ደግሞ አለ። እዚያ ገዳይዋ እንጀራ እናት ናት። ለሕፃኑ የሰጠችው አራት እግር ያላት ትንሽ ዓሣ ናት። ሕፃኑ ዓሣ ነው ብሎ በላ። አድማጩ ግን ዓሣ እግር እንደሌለው ያውቃል። ከአንድ ቃል በቀር የተጨመረ ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር ግን ተነገረ።

---

መምህር ዘደሴ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሽሮ በቅቤ ቋሊማውን ላቅርብላት።

ዘፈኑ «ተነሥና በሩን ዝጋ» የሚባለው ነው፤ በቻይልድ 275። ዴቪድ ኸርድ የተባለ ሰብሳቢ በ1769 አሳትሞታል። ጊዜው የቅዱስ ማርቲን በዓል ሰሞን ነው። በዓሉ ኅዳር 2 ገደማ ይውላል። ያን ጊዜ በክረምት (በእነሱ የብርድ ወራት ማለት ነው) ለከብት የሚሆን መኖ ስለማይበቃ ብዙ ከብት የሚታረደው በዚያው ሰሞን ነበር። ታዲያ ደሙና ስቡ እንዳይባክን ከአጃ ጋር አንጀት ውስጥ ተሞልቶ ይቀቀላል። ደም የገባበት ጥቁር ነው፤ ደም የሌለበት ነጭ። እነሱ ፑዲንግ ይሉታል፣ እኛ ቋሊማ ብንለው ያስኬዳል።

ሚስቲቱ ይህን እየቀቀለች ነው። ውጭ ንፋስ ያፏጫል፣ በሩ ክፍት ነው። ባል «ተነሺና በሩን ዝጊ» ይላል። እሷ እጄ ሥራ ይዟል፣ መቶ ዓመት ተከፍቶ ቢያድር እኔ አልዘጋውም ትላለች። ተከራከሩና ውል ገቡ። መጀመሪያ ቃል የተነፈሰ በሩን ይዝጋ ተባለ። ሁለቱም ዝም።

እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት እንግዶች መጡ። መብራት የለም። ይህ የሀብታም ቤት ነው የደሃ ብለው ቢጠይቁ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ገብተው መጀመሪያ ነጩን በሉ፣ ቀጥለው ጥቁሩን በሉ። ሚስትየው በሆዷ ብዙ አሰበች፤ ቃል ግን አልወጣትም። አስቡት እንግዲህ፣ ስትደክምበት ያመሸችው የክረምት ስንቅ በዓይኗ ፊት እያለቀ ነው።

ከዚያ አንደኛው ለጓደኛው፣ አንተ ቢላዋ ይዘህ የሽማግሌውን ጢም ላጭ፣ እኔ ሚስቱን ልሳም አለው። ውሃ የለም እኮ ሲባል፣ ቋሊማው የተቀቀለበት መረቅ ምን አነሰው አለ። ያኔ ባል ብድግ አለ። በዓይኔ ፊት ሚስቴን ልትስሙ፣ እኔንም በፈላ መረቅ ልትቀቅሉኝ? ሚስት ሦስት ጊዜ ዘለለች። «ቀድመህ ተናገርክ፣ ተነሥና በሩን ዝጋ!» ዘፈኑ እዚህ ላይ ያልቃል።

ይህ የዝምታ ውርርድ በቱርክ፣ በዐረብ አገሮች፣ በህንድና በጣሊያን ተረቶች ውስጥም አለ። የስኮትላንዱ ልዩነት ቋሊማው ነው። ስንቁ ሲያልቅ ዝም ያለው ሰውዬ፣ መረቁ ወደ ፊቱ ሲመጣ አፉ ተከፈተ። ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

---

ሽሮ በቅቤ

መምህር፣ እጅዎን ይባርክልኝ! ሰውዬው የተናገረው ለሚስቱ ነው ለጢሙ? እኔ ለጢሙ ይመስለኛል 😂

---

ብርቱካን

ሰላም። እኔ የሳቁን ነገር በጥያቄ ነው የማየው። የፋይፉ በርሜል ሠሪ የሚባል ዘፈን አለ፣ 277። ዜማው ለልጅ የሚዘፈን ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። ሰውዬው ከባላባት ወገን የሆነች ሚስት አገባ። እሷ መልኬ ይበላሻል ብላ አትጋግርም፣ አትጠምቅም። ወገኖቼን ያሳፍራል ብላ አትፈትልም። ዘመዶቿን ስለሚፈራ በቀጥታ ሊመታት አልቻለም። የበግ ቆዳ አምጥቶ ጀርባዋ ላይ ጣለና ደበደበ። «እኔ የገዛ በጌን ቆዳ ነው የምመታው» አለ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ጋገረች፣ ጠመቀች፣ ፈተለች። ሰውም ይስቃል። ምኑ ነው የሚያስቀው?

---

መምህር ዘደሴ

ልጄ ብርቱካን፣ እኔም አልስቅበትም። ግን ዘፈኑ የሚያሳየውን ነገር አንለፈው። በዚያ ቤት ሚስትነት የሚለካው በዳቦና በቢራ ነው። ሴትየዋ ያን እምቢ ስትል ሙሉ ቤቱን እምቢ ማለቷ ነው። ሰውዬውም ይህ ገብቶታል። የዘፈኑ ቀልድ ደግሞ ሰውዬው ከባላባቶቹ ቁጣ ያመለጠበት ብልሃት ነው፤ ደሃው ታላቁን አታለለ የሚል ሳቅ። ዋጋውን የከፈለችው ግን እሷ ናት። ይህን ከቋሊማው ዘፈን ጎን ብታስቀምጪው ደስ ይለኛል። እዚያ እጇ ሥራ የያዘው ሴት አልታዘዝም ብላ ታሸንፋለች። ያው ማድ ቤት፣ ያው ሕዝብ።

---

ብርቱካን

ብልሃቱ ገብቶኛል መምህር፣ አመሰግናለሁ። የበግ ቆዳው ግን ድብደባውን አይለውጠውም። እኔ ለልጆች አልዘፍነውም። ለትልቅ ሰው ከሆነ፣ ከነውይይቱ ይዘፈን።

---

የኤድንብራው

በዚህ ከብርቱካን ጋር ነኝ።

ሴቲቱ የምታሸንፍባቸውን ካነሳችሁ ሌላ ልጨምር። 274፣ «የእኛ አባወራ»። ባል ቤት ሲመጣ በረት ውስጥ የማያውቀው ፈረስ ቆሟል። ይህ የማነው ይላል። ሚስት «የምታለብ ላም ናት፣ እናቴ የላከችልኝ» ትለዋለች። እሱ ብዙ አገር ዞሬአለሁ፣ ኮርቻ የተጫነች ላም ግን አይቼ አላውቅም ይላል። ቦት ጫማ ያያል፤ የውሃ ማሰሮ ነው ትላለች። ሰይፍ ያያል። «የገንፎ ማማሰያ ነው፣ እናቴ የላከችልኝ።» እጀታው ብር የሆነ ማማሰያ ግን አላየሁም ይላል። ዊግ ያያል፤ ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ ናት ትለዋለች። በመጨረሻ አልጋው ውስጥ ራሱ ሰውዬው አለ። እሱንም እናቷ የላከቻት አላቢ ልጃገረድ አድርጋ ታልፈዋለች። ሰውዬው ጢም ያላት አላቢ አላየሁም ይላል።

ልብ በሉ፣ ሴትየዋ የምትዋሸው በሙያዋ ዕቃ ነው። ላም፣ ማሰሮ፣ ማማሰያ፣ ዶሮ። የእንግዳውን ሰውዬ ዕቃ ሁሉ ወደ ማድ ቤት አስገባችው። ባል ማድ ቤት ገብቶ ስለማያውቅ ሊከራከራት የሚችለው በኮርቻውና በብሩ ብቻ ነው።

---

ሽሮ በቅቤ

የብር ማማሰያ! ይህችን ዘፈን ዛሬውኑ ፈልጌ ነው የምሰማት።

---

ቅኔ ወዳድ

እንቆቅልሽ ለምትወዱ ደግሞ 46 አለላችሁ። የሮዝሊን ጌታ ልጅ ጫካ ውስጥ ካፒቴን ዌደርበርንን ታገኛለች። ሊያገባት ይፈልጋል። እሷ እሺ ከማለቷ በፊት እራት ታዝዘዋለች። በውስጡ ዘር የሌለው ቼሪ (ትንሽ ቀይ ፍሬ ነው)፣ አጥንት የሌለው ጫጩት፣ ሐሞት የሌለው ወፍ አቅርብልኝ ትላለች። እኛ «ምን አውቅልህ» ብለን አገር እንሰጥ ነበር። ካፒቴኑ ግን አገር አይሰጥም። ቼሪ አበባ ላይ እያለ ዘር የለውም። ጫጩት ዕንቁላል ውስጥ እያለ አጥንት የለውም። ርግብ የዋህ ናት፣ ሐሞት የላትም። ሴትየዋ የሰጠችው የምግብ ዝርዝር በሙሉ ስለ መወለድና ስለ የዋህነት ነው። ሁለቱም ስለ ጋብቻ እያወሩ እራት ያወራሉ። እኔ ከፍቅር ዘፈኖች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ሌላም አለ፤ የጂፕሲዎቹ ዘፈን፣ 200። ጂፕሲዎች፣ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች ናቸው፣ ከአንድ ጌታ ደጃፍ መጥተው ሲዘፍኑ እመቤቲቱ ከፎቅ ወረደች። እሷ ጥሩ የስንዴ ዳቦ ሰጠቻቸው፣ እነሱ ዝንጅብል ሰጧት። ከዚያ እሷ የተሻለ ነገር ሰጠቻቸው ይላል፤ የጣቷን የወርቅ ቀለበት። በሦስት ስጦታ ትዳሯን ትታ ሄደች። ዳቦው የቤቷ ነው፣ ዝንጅብሉ ከሩቅ የመጣና የሚያቃጥል ነው። ማስረዳት አያስፈልግም።

---

መምህር ዘደሴ

ዳቦና ወይን ካነሳችሁ ቶማስ ሪመርን አትርሱ፤ 37። የተረት አገር ንግሥት ቶማስን በፈረሷ ይዛው ትሄዳለች። ከአንድ የአትክልት ስፍራ ደረሱ። ፍሬ ሊቀጥፍ እጁን ሲዘረጋ ተው አለችው። የገሃነም መቅሠፍት ሁሉ በዚህ አገር ፍሬ ላይ ነው አለችው። ከዚያ እቅፏ ውስጥ የያዘችውን ዳቦና ቀይ ወይን ሰጠችው።

የተከለከለ ፍሬ፣ ቀጥሎ ዳቦና ወይን። የኤደንን ነገርና ሥጋ ወደሙን ለሚያውቅ ክርስቲያን ይህ ዝም ብሎ የመንገድ ምሳ አይደለም። የሚያስደንቀው ሰጪዋ እሷ መሆኗ ነው። መልአክ አይደለችም፣ ቅድስት ማርያምም አይደለችም። ቶማስ በመጀመሪያ የሰማይ ንግሥት መስላው ሲሰግድላት ራሷ ነች አይደለሁም ያለችው። ዘፋኞቹ የቤተ ክርስቲያኑን ምግብ ወስደው ለተረት ንግሥት ሰጧት። ይህን ያደረገ ሰው ድፍረቱ ያስደንቀኛል።

ይህን ቅጂ ያገኘነው አና ጎርደን ከተባለች የአበርዲን ሴት ነው። 1747 ተወልዳ 1810 አረፈች። አባቷ ፕሮፌሰር ነበር፤ እሷ ግን ዘፈኖቹን የተማረችው ከአክስቷ፣ ከእናቷና ከሞግዚት ነው።

---

የኤድንብራው

የሴቶቹ ነገር ከተነሳ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት የስኮትላንድና የእንግሊዝን ድንበር አካባቢ ባላዶች በ1802 ማሳተም ሲጀምር ዘፈን ከሰጡት አንዷ የገጣሚው የጄምስ ሆግ እናት ማርጋሬት ሌይድሎ ናት። ልጇ እንደጻፈው በግልጽ ወቅሳዋለች። ዘፈኖቹ ለመዝፈን እንጂ ለማንበብ አልተሠሩም፣ አሳትመህ አበላሸኻቸው አለችው። እኔ ግማሹን እቀበላታለሁ። ባይታተሙ እዚህ ቁጭ ብለን ባላወራን።

ስኮት ካሳተማቸው አንዱ ሁለቱ ቁራዎች ነው። ከዚህ የጠቆረ ቀልድ አላየሁም። አንዱ ቁራ ሌላውን «ዛሬ ምሳ የት እንብላ?» ይለዋል። ከአጥሩ ጀርባ አዲስ የተገደለ ባላባት ወድቋል ይላል ጓደኛው። ውሻው አደን ሄዷል፣ ጭልፊቱ ወፍ ሊያመጣ ሄዷል፣ ሚስቱ ሌላ ባል ይዛለች። ስለዚህ ምሳችን ይጥመናል። አንተ አንገቱ ላይ ተቀመጥ፣ እኔ ሰማያዊ ዓይኖቹን እለቅማለሁ። በወርቃማ ጸጉሩ ጎጆአችንን እንሸፍናለን። ሰው የከዳውን ሰው ዝርዝር የምንሰማው ምሳ ከሚማከሩ ወፎች ነው።

---

ቅኔ ወዳድ

እውነተኛ ታሪክም አለ። በ1440 ኤድንብራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወጣቱ የዳግላስ ጌታና ወንድሙ ለግብዣ ተጠሩ። ንጉሡ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ከማዕድ ተነሥተው ተሰየፉ። «ጥቁሩ እራት» ይባላል። የጥቁር በሬ ጭንቅላት የሞት ምልክት ሆኖ ገበታ ላይ ቀረበ የሚለው በኋላ የመጣ ታሪክ ነው። ሕዝቡ ግን ስንኝ ቋጥሮለታል። የኤድንብራ ቤተ መንግሥት ሆይ፣ ዳግላስ በውስጥህ ስለቀመሰው ጥቁር እራት በኃጢአትህ ስመጥ የሚል እርግማን ነው። ሕዝቡ የረገመው ሰይፉን ሳይሆን እራቱን ነው። ጠርተህ አብልተህ መግደል የባሰ ነው ማለቱ ነው።

---

ብርቱካን

እስካሁን ያነሳችሁት ወይን፣ ነጭ ዳቦ፣ ግብዣ። የጌቶች ገበታ ነው። ዘፋኞቹ ግን ድሆች ነበሩ አይደል? የራሳቸው ምግብ የት አለ?

---

መምህር ዘደሴ

ይህ ነው ጥያቄ! ነጭ ዳቦ በዘፈን ውስጥ የበዛው ዘፋኙ ስለማያገኘው ነው። የተራው ሰው ምግብ አጃና ገብስ ነበር። ይህን የሚያሳይ የሰርግ ዘፈን በ1706 ታትሟል። እንግዶቹ በቅጽል ስም እየተጠሩ ይገባሉ። ገበታው ላይ የሚቀርበው ደግሞ ጎመን፣ ገንፎ፣ የገብስ ቂጣ፣ ጨው የበላው ሄሪንግ ዓሣ፣ የተለበለበ የበግ ጭንቅላት፣ ሃጊስ (የበግ ሆድ ዕቃ ከአጃ ጋር ጨጓራ ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል) ነው። አንድም የጌታ ምግብ የለም፤ ደስታው ግን ልክ የለውም።

---

የኤድንብራው

ብርቱካን፣ ለአንቺ ጥያቄ የሰሜን ምሥራቁ የእርሻ ሠራተኞች ዘፈኖች ናቸው መልሱ። በ19ኛው መቶ ዘመን ወጣቶች ለስድስት ስድስት ወር ይቀጠሩ ነበር። ምግቡ የደሞዛቸው አካል ነው። ስለዚህ መጥፎ ምግብ ማለት ደሞዝ መቁረጥ ነው። ማኅበር የለም፣ ፍርድ ቤት ሩቅ ነው፤ ዘፈን ግን አለ። የጌታው እርሻ በስሙ ይዘፈንበታል፣ ሌላው ሠራተኛም ሰምቶ ይጠነቀቃል።

ድረምደልጊን ስሚ። ሀንትሊ ከተማ አካባቢ ያለ እርሻ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳሉ። መጀመሪያ ፈረሶቹ ይበላሉ፣ ሰዎቹ ቆይተው ወደ ማድ ቤት ይገባሉ። ቁርስ ያው ብሮዝ ነው። የአጃ ዱቄት ላይ የፈላ ውሃ ይፈስበትና ይማሰላል፤ እሳት ላይ እንኳ አይወጣም፣ ከእኛ በሶ ጋር ይቀራረባል። እሱን በልተው ጫማቸውን ሳያስሩ አለቃው ሰዓቱ ደርሷል ብሎ ይጮኻል። ዘፋኙ ስለ ጭቆና አንድ ቃል አልተናገረም። ብሮዙንና ሰዓቱን ነገረን።

---

ሽሮ በቅቤ

ፈረሱ ቀድሞ ይበላል አልክ? ወይ ጉድ። እኔ ብሮዝ ነገ ጠዋት ልሞክር ነው። ጨውና ቅቤ ይገባበታል?

---

የኤድንብራው

ጨው አዎ፣ ቅቤ ካለ ይገባል። ከወተት ጋርም ይበላል። ውሃው በደንብ የፈላ ይሁን፣ ዱቄቱም ወፈር ያለ።

ድረምደልጊ እንዴት እንደሚያልቅ ልንገርሽ። ልጁ ውሉን ጨርሶ ይሰናበታል። ደህና ሁኑ፣ ስመጣ ባለጌ ነበራችሁ፣ ስሄድም ባለጌ እንደሆናችሁ ትቻችኋለሁ ይላል።